ስንት ሞቀች? የብራሽለስ መኪናችሁን ማርሽና ኢኤስሲ ማስማማት

በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የውድድር መኪና፣ አርሲ የምንላት፣ አለችኝ። ያያት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ስንት ትሄዳለች?» ልጅ ይጠይቃል፣ የልጅ አባት ይጠይቃል። አንዴማ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የትልቋን መኪናዬን የኋላ ኮፈን ከፍቼ ዕቃ ሳወጣ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ ትልቅ ሰው አርሲዋን አይተው ቆም አሉና እሱኑ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ውይ፣ ከእኔ ቶዮታ ትሻላለች» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ግን መኪናዬ ከሜዳ በወጣች ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ሞቀች? ይቺን ጥያቄ እስክለምድ ሁለት ሞተር አቃጥያለሁ። እናንተ አንድም እንዳታቃጥሉ ነው ይህን የምጽፈው።

የማወራው የእውነተኛ መኪና አንድ ዐሥረኛ ስለምታህል ቱሪንግ ካር ነው፤ በአራቱም ጎማ የምትጎተት፣ ሞተሯ ብራሽለስ (ብሩሽ የሌለው)፣ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ የአስፋልትና የምንጣፍ መኪና። እኔ የምወዳደረው እዚህ ቨርጂኒያ፣ አዳራሽ ውስጥ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ነው። የአፈር መኪና ያላችሁም አንብቡ፤ ሂሳቡ ያው ነው፣ ቁጥሮቹ ናቸው የሚለያዩት።

መጀመሪያ ማርሹ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሚኒባስ አስቡ። ሞልቷል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሾፌሩ ደግሞ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ሊወጣው ይታገላል። ሞተሩ ያቃስታል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይተያያል። ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ ካልመለሰ ሞተሩ ቀጥ ይላል። የቤንዚን ሞተር ደግነቱ ይሄ ነው፤ ሲከብደው ይናገራል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይናገርም። ከአቅሙ በላይ የሆነ ማርሽ ስትሰጡት እሺ ብሎ ይሄዳል፤ ከባትሪው ብዙ አምፒር ይስባል፣ ወደ ጉልበት ያልቀየረውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ቀጥታው ላይ ስለምትፈጥን ደስ ይላችኋል። በአራተኛው ደቂቃ ሽታው ይመጣል።

ስሞቹን እንያዝ። ሞተሩ ዘንግ ላይ የምትገባው ትንሿ ባለጥርስ ማርሽ ፒኒዮን ትባላለች። እሷ የምታሽከረክረው ትልቁ ፕላስቲክ ስፐር ነው። ከስፐሩ ወደ ጎማው ደግሞ ቀበቶ ወይም ዘንግ፣ ከዚያ ዲፈረንሻል አለ፤ የዚያኛው ጥምርታ ከፋብሪካ የተወሰነ ነው፣ ማኑዋሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ሦስቱ ተጣምረው ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ስንቴ መዞር እንዳለበት ይነግሯችኋል። ኤፍዲአር የምንለው ይሄንን ነው። ስሌቱ የልጅ ነው፤ የስፐሩን ጥርስ ለፒኒዮኑ ጥርስ አካፍሉ፣ የመጣውን በውስጡ ጥምርታ አባዙ።

ታሚያ ቲቲ-02 ብዙ ሰው የሚጀምርባት መኪና ናት፤ እኔም የጀመርኩት በሷ ነው። ከካርቶኗ ስትወጣ ስፐሯ 70፣ ፒኒዮኗ 22፣ የውስጥ ጥምርታዋ 2.6 ነው። 70 ለ22 ሲካፈል 3.18፣ በ2.6 ሲባዛ 8.27። ሞተሩ ስምንት ጊዜ ከሩብ ገደማ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። አሁን የምወዳደርባት መኪና ደግሞ የውስጧ 1.9 ነው። በ100 ስፐርና በ48 ፒኒዮን 3.96 ይመጣል።

ቁልቁለት ላይ «በከባድ ማርሽ ይንዱ» የሚለውን ምልክት ታውቁታላችሁ። ለአንድ ሞተር ኤፍዲአሩ ሲጨምር ማርሹ እየከበደ ሄደ ማለት ነው፤ መኪናዋ ከቆመችበት ቶሎ ትነሳለች፣ ሞተሩ አይሞቅም፣ ግን የመጨረሻ ፍጥነቷ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲቀንስ ማርሹ ይቀላል፤ ቀጥታው ላይ ትበራለች፣ ከኩርባ ስትወጣ ትለግማለች፣ ሞተሩም ይሞቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፒኒዮኑ ሲተልቅ ቁጥሩ ያንሳል፣ ስፐሩ ሲተልቅ ግን ይጨምራል። ጽፋችሁ የዕቃ ሳጥናችሁ ክዳን ላይ ለጥፉት። እኔ ለጥፌያለሁ፣ እስካሁንም አልላጥኩትም።

ታዲያ የእኔዋ በ3.96 ስትሄድ ለምን አትቃጠልም? ሞተሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ብራሽለስ ሞተር ላይ ኬቪ የሚል ቁጥር አለ። ኪሎ ቮልት አይደለም፤ ሞተሩ ምንም ሳይሸከም በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር ነው። 3,000 ኬቪ ሞተር በ7.4 ቮልት 22,200 ይዞራል። ለ8.27 አካፍሉት፣ ጎማው በደቂቃ 2,684 ጊዜ ዞረ። ዲያሜትሩ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 19.8 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ። የእኔ 17.5 ተርን ሞተር ኬቪው 2,200 አካባቢ ነው። 16,280 ይዞራል፣ ለ3.96 ሲካፈል 4,111፣ በዚያው ጎማ 49 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀርፋፋው ሞተር ቀደመ። በወረቀት ነው እንግዲህ፤ ሜዳ ላይ ከሁለቱም ይቀነሳል፣ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ተርን ያልኩት የሽቦው ጥቅል ብዛት ነው። ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 17.5 እና 21.5 የጀማሪና የስቶክ ውድድር ሞተሮች ናቸው፤ 4.5 እና 5.5 ደግሞ የደፋሮቹ። ለ17.5 ታይሚንግ በተዘጋ ኢኤስሲ (ኢኤስሲ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው፤ ወደሱም ወደ ታይሚንግም እንመጣለን) ከ4.0 ኤፍዲአር አካባቢ ጀምሩ። እውነቱን ለመናገር ከዚህም የሚሻለው፣ ሜዳው ላይ የእናንተው ዓይነት መኪናና ሞተር ያለውን ሰው ሄዶ «ኤፍዲአርህ ስንት ነው?» ማለት ነው። አይደብቅም። የሚደብቅ ካለ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም።

ግን «ፒኒዮንህ ስንት ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። የሱ ስፐር ከእናንተ ሊለይ ይችላል፣ የውስጥ ጥምርታውም እንደዚያው። የተቀዳ ፒኒዮን ልክ እንደተዋሱት ጫማ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ አንድ ጥርስ ሁሉም ቦታ እኩል አይመዝንም። ከ22 ወደ 23 ስትሄዱ 4.5 በመቶ ቀየራችሁ። ከ48 ወደ 49 ግን 2 በመቶ ብቻ። ለዚህ ነው ተወዳዳሪዎች ደቃቅ ጥርስ ያለው ማርሽ የሚመርጡት፤ በትንሽ በትንሹ እንዲቀያይሩ።

የጥርሱ ልክ ነገር ደግሞ አለ። 48 ፒች፣ 64 ፒች፣ ሞዱል 0.6 የሚሉ አሉ። ፒኒዮኑና ስፐሩ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። 64ቱ ደቃቅ ስለሆነ በዓይን ይለያል። ችግር ያለው 48ና 0.6 ላይ ነው፤ ይመሳሰላሉ፣ ስታያይዟቸው የተስማሙ ይመስላሉ። ሁለት ዙር ሄዳችሁ ስትመለሱ የመኪናዋ ሆድ የፕላስቲክ ዱቄት ሞልቶታል።

አሁን ስትገጥሙት። የፒኒዮኗ ትንሽ ብሎን የምትጠብቀው የሞተሩ ዘንግ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ጎን ላይ ነው፤ ክቡ ላይ ካጠበቃችኋት በመጀመሪያው ቀጥታ ትላቀቃለች። ብሩጎላችሁ ጫፉ የተበላ ከሆነ ጣሉትና አዲስ ግዙ፤ የብሎኗን ቀዳዳ አንዴ ካዞራችሁት ፒኒዮኑን ከዘንጉ ለማውጣት የምትከፍሉት ላብ ከብሩጎላው ዋጋ ይበልጣል። ከዚያ የደብተር ወረቀት በቀጭኑ ቅደዱ፣ በሁለቱ ማርሾች መካከል አስገቡት፣ ሞተሩን ወደ ስፐሩ ገፍታችሁ እሰሩት፣ ማርሹን አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡ። ወረቀቱ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ሳይቀደድ ከወጣ ጥሩ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል። ከዚያ ስፐሩን በጣታችሁ ያዙና ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርጉት፤ ጥቂት መላወስ አለበት፣ ጭራሽ ካልተላወሰ ጠብቋል። ይህን ስፐሩን እያዞራችሁ አራት አምስት ቦታ ላይ ሞክሩት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ፍጹም ክብ አይደለም።

ድምፅም ስሙ። በደንብ የተገጠመ ማርሽ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ዝም ብሎ ይሄዳል። ከጠበቀ ያለቅሳል። ከላላ ይንኳኳል። የጠበቀ ማርሽ ደግሞ ራሱ ሞተር ያሞቃል፣ እናንተ ጥፋቱን የፒኒዮኑ ቁጥር ላይ ትጭኑና ወደሌላ ስህተት ትሄዳላችሁ።

መለኪያው

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደግኑት የነበረው ሽጉጥ መሳይ ነገር ትዝ ይላችኋል? እሱን የሚመስል ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ግን እሱን እንዳትገዙ። የሰውን ትኩሳት እንዲለካ የተሠራው ከ43 ዲግሪ አካባቢ በላይ አያነብም፤ የእናንተ ሞተር ደግሞ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የሜካኒኮችን ዓይነት ግዙ። ርካሽ ነው። ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር እንኳ አይነጻጸርም።

አለካኩ ላይ አንድ ተንኮል አለ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ስትደግኑበት ይዋሻል፤ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ያሳያል። ሞተሩ ላይ ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፉና ሁልጊዜ እሷ ላይ ብቻ ለኩ። ወይም የኋላው ክፍተት ውስጥ በሚታየው ሽቦ ላይ። ደግሞ መኪናዋ እንደቆመች አንዴ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ስለሆነ፣ የሚያቀዘቅዘው ንፋስም ስለቆመ፣ ሁለተኛው ቁጥር ይበልጣል። ለእኔ የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በከበደው ማርሽ ጀምሩ፣ ማለትም ከምታስቡት ፒኒዮን ሁለት ጥርስ ቀንሳችሁ። ሦስት ደቂቃ ንዱ፣ አውጡ፣ ለኩ። ከ60 በታች ከሆነ አምስት ደቂቃ ሙሉ ንዱ፤ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነውና። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 65 ከሆነ አንድ ጥርስ ጨምሩ። 75 ላይ ስትደርሱ ቁሙ። 80 ካለፈ አንድ ጥርስ መልሱ። 90 ካያችሁ ውይይት የለም፣ ሁለት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ፒኒዮንም፣ ታይሚንግም፣ ጎማም ባንድ ላይ ቀይሮ «ተሻለ» የሚል ሰው ምኑ እንደተሻለው ሊነግራችሁ አይችልም።

ለምን 80? የሞተሩ መሐል የሚዞረው ማግኔት ነው፤ ሮተር እንለዋለን። ኒዮዲሚየም ማግኔት ከልኩ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስለትም። የላዩ 80 ሲል ውስጡ ከዚያ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሞተሬ የሄደው እንደዚህ ነው። ጢስ የለም፣ ምንም የለም። አንድ ቅዳሜ 112 ዲግሪ አነበብኩ፣ ደነገጥኩ፣ አቀዘቀዝኩት፣ ሲነሳ ጊዜ «ተረፈ» ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ጎማው አየር ላይ ሆኖ ስሰጠው ከድሮው የፈጠነ መሰለኝ። እውነትም ፈጥኖ ነበር፤ ማግኔቱ ሲደክም ሞተሩ ባዶውን ይፈጥናል፣ ግን ጉልበት የለውም። መሬት ስትነካ እንደ ታመመ በግ። ከኩርባ አትወጣም፣ ከበፊቱም በላይ ትሞቃለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኢኤስሲውን ስነካካ ከረምኩ፣ ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም። ሞተራችሁ ባዶውን እየጮኸ መሬት ላይ ከለገመ ሮተሩን ጠርጥሩ። ሮተር ለብቻው ይሸጣል፣ ሞተሩን ሙሉ መጣል የለባችሁም።

ከዚያ ኢኤስሲው

ኢኤስሲ ማለት በባትሪውና በሞተሩ መካከል ተቀምጦ የጣታችሁን ትእዛዝ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ነው። ሁሉም ሰው ሮጦ መነካካት የሚፈልገው እሱን ነው፤ ስክሪን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ስልክ ላይ የሚከፈትም አለ። የእኔ ምክር፣ ማርሹን ሳትጨርሱ አትክፈቱት። ሞተር ካቃጠሉ ሰዎች ብዙዎቹ ያቃጠሉት ማርሽ መስጠት የነበረበትን ነገር ከኢኤስሲው ሲለምኑ ነው።

ሽቦው ላይ አንዴ ተጠንቀቁ። ሴንሰር ያለው ሞተር ሦስት ወፍራም ሽቦና አንዲት ቀጭን ባለ ስድስት መስመር ገመድ አለው። ኤ ወደ ኤ፣ ቢ ወደ ቢ፣ ሲ ወደ ሲ። ሴንሰር የሌለው ሞተር ላይ ሁለቱን ሽቦ ብታለዋውጡ ወደ ኋላ ይዞራል፣ በቃ። ሴንሰር ያለው ላይ ግን ካለዋወጣችሁ ኢኤስሲውን ልታጡት ትችላላችሁ። ስታኞው በደንብ ይቅለጥ፤ ብየዳው ደብዛዛና ሻካራ ከሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ ድገሙት። መኪናዋ ስትነሳ የምትንተባተብ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ቀጭኗን ገመድ ነው። ከሞተሩ በኩል ሥሯ ላይ ትሰበራለች፣ በዓይን አይታይም። መለዋወጫ አንድ ይኑራችሁ።

ቀጥሎ ሪሞቱን ማስተዋወቅ፣ ካሊብሬሽን። ይህን ያልሠራ ሰው ሙሉ ነዳጅ (በእኛ አነጋገር ሙሉ ኃይል) የሰጠ ይመስለዋል እንጂ መኪናዋ ላትቀበለው ትችላለች። ሆቢዊንግ በሚባሉት ኢኤስሲዎች ላይ እንደዚህ ነው፣ ሌሎቹም ይቀራረባሉ። መኪናዋን ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ሪሞቱ ላይ ትሪሙ (የመሐል ማስተካከያው) ዜሮ፣ የነዳጁና የፍሬኑ ጣሪያ መቶ በመቶ። የኢኤስሲውን ቁልፍ ተጭናችሁ አብሩት። ጣታችሁን ለቃችሁ አንዴ ተጫኑ፣ አንዴ ይጮሃል። ሙሉ ነዳጅ ይዛችሁ ተጫኑ፣ ሁለቴ ይጮሃል። ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ ተጫኑ፣ ሦስቴ። አለቀ። ሪሞት በቀየራችሁ ቁጥር ይደገማል።

ባትሪው ሲወርድ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ባትሪ መቁረጫ ቀላል ነው። ሊፖ በሴል ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። እኔ 3.2 ላይ አድርጌዋለሁ። ውድድር ላይ በመጨረሻው ዙር እንዳይቆርጣቸው የሚያጠፉት አሉ፤ አትከተሏቸው።

ፓንች የሚሉት ደግሞ ከቆማችሁበት ስትነሱ ኢኤስሲው ጉልበቱን በምን ያህል ችኮላ እንደሚለቅ ነው። ጎማ የሚይዝበት ምንጣፍ ላይ ከፍ አድርጉት። አቧራ ያለበት የመኪና ማቆሚያ ላይ ዝቅ፤ አለበለዚያ ስትነሱ ኋላዋ ቀድሟችሁ ይሄዳል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከመካከል በታች ይሁን፣ ጣታችሁ ሲለምድ ትጨምራላችሁ። ፍሬንም እንዲሁ። ድራግ ብሬክ ማለት ጣታችሁን ስትለቁ ብቻ የሚይዘው ፍሬን ነው። ነዳጅ ሳትነኩ የምትንሸራተት መኪና ከወደዳችሁ ዜሮ፤ ኩርባ ስትገቡ አፍንጫዋ እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ 5 ወይም 10 በመቶ ሞክሩ። እኔ 5 ላይ ነኝ። ወደ ኋላ የሚነዳውን ውድድር ላይ አጥፉት፤ ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ ፍሬን ስትይዙም ግራ ያጋባችኋል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። ታይሚንግ።

የቤንዚን ሞተር የሠራ ሰው እሳት ቀድሞ መስጠት ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚህም ያው ነው፤ ለሽቦው ኤሌክትሪኩን ከማግኔቱ ትንሽ ቀድሞ መስጠት። ስትጨምሩት ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ከታች ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ብዙ አምፒር ይበላል፣ ይሞቃል። ሁለት ቦታ ነው የሚስተካከለው። አንደኛው የሞተሩ የኋላ ክዳን ነው፤ ብሎኖቹን አላልታችሁ ክዳኑን ስታዞሩት ጎኑ ላይ በዲግሪ ምልክት አለ። ሁለተኛው ኢኤስሲው ውስጥ ነው፤ ቡስትና ተርቦ ይባላሉ።

ስቶክ ውድድር ላይ ሁለተኛው ተከልክሏል። ኢኤስሲው ብሊንኪ በሚባለው መንገድ ይሄዳል፤ የራሱ ታይሚንግ ዜሮ ይሆናል፣ ያን ለማሳየትም መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ መብራቱን ያያል፣ ካልጠቀሰው አትገቡም። ስለዚህ በብሊንኪ የቀረላችሁ የሞተሩ ክዳንና ማርሹ ብቻ ናቸው። ሁለቱ እንደ ሚዛን ናቸው፤ ክዳኑን ከ30 ወደ 40 ካዞራችሁ አንድ ሁለት ጥርስ ከፒኒዮኑ ቀንሱ፣ ሙቀቱን አይታችሁ ከዚያ መልሱ። አጭርና ኩርባ የበዛበት ሜዳ ላይ ዝቅ ያለ ታይሚንግ ከትልቅ ፒኒዮን ጋር ይሻለኛል፤ ከኩርባ ሲወጣ ይጎትታል። ረጅም ቀጥታ ላይ ተቃራኒው። ይሄ የእኔ ጣዕም ነው፣ ሌላው ሰው በተገላቢጦሽ ሄዶ ሊቀድመኝ ይችላል፣ ቀድሞኝም ያውቃል።

ቡስት የሚፈቀድበት ክፍል ካላችሁ ወይም ዝም ብላችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትነዱ ከሆነ፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ቡስት ሞተሩ እየፈጠነ ሲሄድ ታይሚንጉን አብሮ ይጨምራል። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚጨርስ ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ልክ ትነግሩታላችሁ፤ ለምሳሌ ከ5,000 ጀምሮ እስከ 15,000 ድረስ 20 ዲግሪ። ተርቦ ደግሞ ሙሉ ነዳጅ ላይ ለጥቂት ጊዜ ከቆያችሁ በኋላ የሚገባ ተጨማሪ ነው፤ ለቀጥታው። ሁለተኛው ሞተሬ የሄደው በዚህ ነው። የብሊንኪ ማርሼን፣ ያንን 3.96፣ ሳልነካ ቡስት 40 አስገባሁ። የመጀመሪያው ቀጥታ ላይ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እንደዛ ስትበር አይቻት አላውቅም። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ዙር ላይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ፣ ደግሞ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ስለዚህ ቡስት ስታስገቡ መጀመሪያ ክዳኑን ወደ 10 ወይም 20 መልሱት፣ ኤፍዲአሩን በደንብ አክብዱት። እኔ ከ3.96 ወደ 5.5 እና ከዚያ በላይ ነው የሄድኩት። ይሄ አራት ጥርስ መቀነስ አይደለም፣ ፒኒዮኑ 34 ይሆናል፤ 100 ለ34 በ1.9፣ 5.59። ቡስቱን በ10 ዲግሪ ጀምሩ። ክዳኑ፣ ቡስቱና ተርቦው ይደመራሉ፤ ድምሩን ደብተር ላይ ጻፉት እንጂ እያንዳንዱን ለየብቻ «ትንሽ ናት» አትበሉ። ተርቦ መጨረሻ ላይ፣ እሱም ከወደዳችሁ።

ሜዳ ላይ መስማት

መለኪያው ማቃጠል እንደሌለባችሁ ይነግራችኋል። ፈጣኑ ማርሽ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ ያንን ጆሮና ሰዓት ነው የሚነግራችሁ። ቀጥታው ላይ ሞተሩን ስሙት። ድምፁ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ መሐል ላይ ባንድ ዜማ ከቀረ፣ ሞተሩ ጣሪያው ላይ ደርሷል፣ የቀረውን መንገድ በነጻ እየጮኸ ነው፤ አንድ ጥርስ ጨምሩ። ፍሬን የምትይዙበት ቦታ ድረስ አሁንም ድምፁ እየወጣ ከሆነና ከኩርባ ስትወጡ ሌላው ሰው ከጎናችሁ ካመለጠ፣ አንድ ጥርስ ቀንሱ። ዜማው ሊያልቅ ሲል ፍሬን ከያዛችሁ ተስማምቷል።

ከዚያ የዙሩን ሰዓት እዩ። ፈጣኗን አንድ ዙር ሳይሆን የመጀመሪያውን ደቂቃና የመጨረሻውን ደቂቃ አስተያዩ። መኪናዋ መጀመሪያ ፈጥና በአምስተኛው ደቂቃ ግማሽ ሰከንድ ከጣለች ሞተሩ እየደከመ ነው፤ ማርሹ ቀሏል። ሰው ሁሉ ቀጥታው ላይ መቅደም ይወዳል፣ ተመልካችም የሚያጨበጭበው እዚያ ነው። የእኔ ሜዳ ላይ ቀጥታው ከዙሩ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

የአየሩን ነገርም አትርሱ። ገልፍ አገር ያላችሁ፣ በሐምሌ 45 ዲግሪ ባለበት አስፋልት ላይ የምትነዱ፣ እኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በ20 ዲግሪ የምንነዳበትን ማርሽ እንዳትቀዱ። ሞተሩ ገና ሳይነሳ 25 ዲግሪ ቀድሟችኋል። ሁለት ሦስት ጥርስ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ ማራገቢያም ሞተሩ ላይ ግጠሙ፣ ከመሸ ንዱ። አዲስ አበባ ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ «እዚህስ ይቀዘቅዛል» ትላላችሁ። ግን ከተማው ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር አልፏል፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ከፍታ ላይ ጉልበት አያጣም፣ ስለዚህ ምንም የተለወጠ አይመስላችሁም። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስሄድ ይዣት ሄጄ፣ የወንድሜ ልጆች ግቢ ውስጥ ሲነዷት፣ መለኪያውን ባልይዝ ኖሮ ሦስተኛው ሞተር ይሆን ነበር። ልጅ ነዳጅ አይለቅም።

ይዛችሁ ስትበሩ መለዋወጫ ሊፖ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ በሚጫነው አይደለም። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባለ 7.4 ቮልት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 በታች ስለሆነ አያስቸግርም፣ ግን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ሞልታችሁም አትሂዱ። በሴል 3.8 አካባቢ ይሁን። ሳትነዱ ስታስቀምጡትም እዚያው ላይ ነው የሚቀመጠው።

የመጨረሻው ዕቃ ደብተር ነው። የእኔው ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው፣ ገጹ ዘይት ነክቶታል። ከባለፈው ቅዳሜ አንድ መስመር ልገልብጥላችሁ፦ «ምንጣፍ፣ አዳራሹ 20 ዲግሪ። 100/47፣ 4.04። ክዳን 38፣ ብሊንኪ። ፓንች 4፣ ድራግ 5። አምስት ደቂቃ፣ ሲቆም 64፣ ከደቂቃ በኋላ 69። ቀጥታው መጨረሻ ላይ ትጮሃለች። በሚቀጥለው 48።»